ከራሳችን ሰርቨር ፓኬጅ አልወርድ ሲል

እዚህ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ፣ ኡቡንቱ (የሊኑክስ ሲስተም) የተጫነባቸው 20 ኮምፒውተሮች ባሉት ማሰልጠኛ ውስጥ እሠራለሁ። ሃያዎቹም ያንኑ ፓኬጅ (የሚጫን የሶፍትዌር ጥቅል) ከውጭ ሲያወርዱ ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል። ስለዚህ የራሳችንን ሪፖ፣ ማለትም የፓኬጆች ማከማቻ፣ አዘጋጀን። ፓኬጁ አንዴ ወደ ሰርቨሩ ይወርዳል፣ ሌሎቹ በኬብል ከእሱ ይወስዳሉ። ተማሪ ሳይጠብቅ ሲጭን ማየት ደስ ይላል። እምቢ ካለ ግን እንዲህ ፈልጉ።

«ሃሽ ሰም ሚስማች» ካለ

ቼክሰሙ (ፋይሉ አለመለወጡን ማረጋገጫ ቁጥር) አልገጠመም ማለት ነው። ሪሊዝ የሚባለው ፋይል የማውጫዎቹን (የፓኬጅ ዝርዝሮቹን) ቼክሰም ይይዛል፤ ማውጫዎቹ ደግሞ የየፓኬጁን። ሰርቨሩ ከውጭ እየገለበጠ ሳለ መብራት ከሄደ፣ አዲስ ሪሊዝ ከአሮጌ ማውጫ ጋር ሊቀር ይችላል። ክረምት ላይ ይሄ ደጋግሞ ገጥሞናል። ግልበጣውን እስኪያልቅ ድገሙት። ከዚያ በተማሪው ማሽን ላይ አፕት (ፓኬጅ ጫኚው ፕሮግራም) ያስቀመጣቸውን የድሮ ዝርዝሮች አጥፍታችሁ፣ ዝርዝሩን በሚያድሰው ትእዛዝ አፕት አፕዴት በሉ። ለዘለቄታው ቅደም ተከተሉን አስተካክሉ፦ መጀመሪያ ፓኬጆቹ፣ ቀጥሎ ማውጫዎቹ፣ ሪሊዝ በመጨረሻ።

ሪሊዝ ፋይሉ «ገና ጊዜው አልደረሰም» ከተባለ

ሰርቨሩን አትንኩት፤ የማሽኑን ሰዓት እዩ። ይሄኛው ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። የማዘርቦርዱ ባትሪ ሲያልቅ፣ መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ይጠፋል። አንዱ ልጅ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ በእጁ 3፡00 ብሎ ሞላው። ለኮምፒውተሩ ግን ያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። በ6 ሰዓት ወደኋላ ቀረ ማለት ነው። ሰርቨሩ ያን ጠዋት ያዘጋጀው ሪሊዝ ለእሱ ከወደፊት የመጣ ሆነበት። ዓመተ ምህረቱን በእኛ አቆጣጠር የሞላ ሰው ካለማ 7 ወይም 8 ዓመት ይዛባል፤ ያኔ የሪሊዙ ዲጂታል ፊርማም ተቀባይነት ያጣል። ባትሪውን ቀይሩ፤ ዋጋው ትንሽ ነው። የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ አድርጉ። ሰርቨሩ ላይ ክሮኒ (ሰዓት አስተካካይ ፕሮግራም) ጫኑና ሌሎቹ ሰዓት ከእሱ ይውሰዱ።

«ኖ ፐብኪ» ካለ

የሪፖውን ፊርማ የሚያረጋግጠው የሕዝብ ቁልፍ ማሽኑ ላይ የለም። ቁልፉን በአፕት ኪሪንግስ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ፣ የሪፖው አድራሻ በተጻፈበት የምንጭ መስመር ላይም «ሳይንድ ባይ» ብላችሁ ጥቀሱት። «ትረስትድ የስ» (ፊርማው ሳይፈተሽ ይታመን) ብላችሁ እንዳታልፉት እለምናችኋለሁ። ኔትወርኩ ውስጥ የገባ ማንም ሰው የፈለገውን ፓኬጅ ሊያስጭናችሁ ይችላል።

አዲስ ያስገባችሁት ፓኬጅ ካልተገኘ

ፋይሉን ፎልደር ውስጥ መጣል አይበቃም፤ ማውጫው እንደገና መሠራት አለበት። ሬፕሬፕሮ የሚባለው ፕሮግራም ይህን ራሱ ስለሚሠራ እኔ እሱን እመርጣለሁ።

404 (ፋይሉ አልተገኘም) ከመጣ

ማሽኑ የያዘው ዝርዝር አርጅቷል፤ ሰርቨሩ ፓኬጁን በአዲስ ተክቶታል። አፕት አፕዴት ብላችሁ እንደገና ጫኑ። 403 (ፈቃድ የለም) ከሆነ ደግሞ የፎልደሩን የማንበብ ፈቃድ ለዌብ ሰርቨሩ ክፈቱለት።