ዳሌ ሲደፋ፣ ሲቀመጥና ወደ ጎን ሲወርድ፦ የአጭር ርቀት ሩጫ ችግሮችና መፍትሄዎች

ሯጭ ዳሌውን መያዝ ሲያቅተው መም ዳር ቶሎ የሚሰማው ፍርድ «ሆዱ ደካማ ነው፣ ፕላንክ ጨምሩለት» የሚል ነው። ፕላንክ በክርንና በእግር ጣቶች ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ሌላ ነው። ሁለት ደቂቃ ሙሉ ፕላንክ የሚይዝ ሯጭ 40ኛው ሜትር ላይ ወገቡ ሊሰረጉድ ይችላል። በሙሉ ፍጥነት እግር መሬት ላይ የሚቆየው አንድ አስረኛ ሰከንድ ያህል ስለሆነ፣ ዋናው ነገር ዳሌው በዚያች ቅጽበት የት እንዳለ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ቅረጹ። ስልኩን በሰከንድ 120 ወይም 240 ምስል በሚያነሳው ስሎው ሞሽን ላይ አድርጉና በሯጩ ዳሌ ቁመት ልክ አቁሙት። 30 ሜትር ተንደርድሮ 20 ሜትር በሙሉ ፍጥነት ይሩጥ፤ አንዴ ከጎን፣ አንዴ ከኋላ ቅረጹት። ዳሌ ትንሽ ወደ ፊት ማዘንበሉ ጤናማ ነው፤ ቀጥ ለማድረግ አትታገሉ።

ወገብ ይሰረጉዳል፣ እግር ከኋላ ይዘገያል

ምልክት፦ አንዱ እግር መሬት ሲነካ ምስሉን አቁሙት። የሌላኛው እግር ጉልበት ከቆመው ጉልበት ጎን ደርሶ መታየት አለበት። ገና ከኋላ ከሆነ፣ ወገቡም ከሰረጎደ፣ ዳሌው ከመጠን በላይ ተደፍቷል።

ዳሌው ሲደፋ ታፋ ወደ ላይ የሚነሳበት ቦታ ይጠበዋል። ከዚህ የባሰው ግን የኋላ ታፋ ጡንቻ ነገር ነው። ጡንቻው የሚነሳው ከመቀመጫ አጥንት ስለሆነ፣ ዳሌው ሲደፋ መነሻው ወደ ላይ ይሳባል፤ እግሩ ወደ ፊት ሳይዘረጋ ገና ተወጥሯል ማለት ነው። በሩጫ ላይ ይህ ጡንቻ በአብዛኛው የሚቀደደውም እግሩ ተዘርግቶ መሬት ሊነካ ሲል ነው።

መንስኤው ከሁለት አንዱ ሊሆን ይችላል፤ ለዩት። ሯጩ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ በጀርባው ተኝቶ አንድ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ይያዝ፣ ሌላኛው እግር ይንጠልጠል። የተንጠለጠለው ታፋ ከጠረጴዛው በላይ ከቀረ የዳሌ ፊት ጡንቻ አጥሯል። በአንድ ጉልበት ተንበርክኮ፣ የዚያኑ ወገን መቀመጫ ጨምድዶ፣ ለ30 ሰከንድ ይሳብ፤ በየጎኑ 3 ጊዜ። መቀመጫው ካልተጨመደደ የሚሳበው ጡንቻው ሳይሆን ወገቡ ነው።

ታፋው ከወረደ ግን መሳብ ጊዜ ማባከን ነው። ያኔ ደረቱንና አገጩን ተመልከቱ። ደረቱን የሚነፋ ሯጭ የጎን አጥንቶቹን ወደ ላይ ያነሳል፣ ወገቡም ይከተላል። በጀርባው ተኝቶ፣ እጆቹንና እግሮቹን ወደ ላይ አንስቶ፣ ተቃራኒ እጅና እግሩን እያወረደ፣ ለ4 ሰከንድ ያህል አየር እያስወጣ ይሥራ፤ በየጎኑ 6 ጊዜ፣ 3 ዙር። ወገቡ ከወለሉ በተነሳ ቅጽበት ዙሩ አልቋል። እየሮጠ «ሆድህን አጥብቅ» አትበሉት፤ ትንፋሹን ይይዛል፣ ትከሻው ይደርቃል።

ዳሌ ይቀመጣል

ዳሌው ዝቅ ብሎ፣ ጉልበቱ ታጥፎ፣ ተረከዙ እየጮኸ፣ እግሩ ከሰውነቱ ርቆ ከፊት ካረፈ ችግሩ የእርምጃ መርዘም ነው፤ የሆድ ልምምድ አይነካውም። ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያላቸውን 10 ትንንሽ መሰናክሎች ደርድሩና በላያቸው ይሩጥ። ርቀታቸው ከ1.50 ሜትር ተነስቶ ቀስ እያለ ይስፋ፣ መጨረሻው ግን ከሯጩ የተለመደ እርምጃ በትንሹ ይጠር።

ከኋላ ሲታይ አንዱ ዳሌ ይወርዳል

የቀኝ ዳሌ ከወረደ ደካማው ግራ ነው፤ መሬት ላይ ያለው እግር የጎን መቀመጫ ጡንቻ ነው ዳሌውን የሚይዘው። እዚህ ላይ የተሳሳተውን ጎን ሲያሠሩ የሚከርሙ ብዙ ናቸው። 20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ካለው ሳጥን ላይ በደካማው እግር ቆሞ፣ በ3 ሰከንድ ቀስ ብሎ ሌላኛውን ተረከዝ ወለል ያስነካ፤ 6 ጊዜ፣ 3 ዙር። የጎን ፕላንክ 30 ሰከንድ ይጨመር።

የመጀመሪያዎቹ ሩጫዎች ደህና ናቸው፣ የመጨረሻዎቹ ይበላሻሉ

ይህ ድካም ነው። ለእያንዳንዱ 10 ሜትር ሙሉ ፍጥነት አንድ ደቂቃ ያህል እረፍት ስጡ፤ 30 ሜትር ከሮጠ 3 ደቂቃ። እንዲያም ሆኖ ዳሌው ከወደቀ የዕለቱ ፍጥነት ልምምድ እዚያው ይቁም። የኋላ ታፋው ድንገት ከወጋው ግን እረፍት ሰጥቶ ማስቀጠል የለም፤ ሩጫውን አቁሞ በባለሙያ ይታይ።