አልበራ ያለ የኤሌክትሪክ ብስክሌት፦ ጉድለቱን በልኬት ተከትሎ ማግኘት

የኤሌክትሪክ ብስክሌት ቁልፉ ተከፍቶ፣ ማብሪያው ተጭኖ ምንም ሳያሳይ ሲቀር ብዙ ሰው በቅድሚያ የሚጠረጥረው ባትሪውን ነው። ባትሪው ግን ከዕቃዎቹ ሁሉ ውድ ስለሆነ ሳይለኩ በግምት መቀየር ለከባድ ኪሳራ ይዳርጋል። የተሻለው መንገድ ኤሌክትሪኩ ከባትሪው ተነሥቶ እስከ ዲስፕሌዩ (መሪው ላይ እስካለው ማሳያ) የሚጓዝበትን መሥመር እየለኩ መከተል ሲሆን፣ ለዚህም ዲሲ ቮልት የሚለካ ተራ ቴስተር ይበቃል። እዚህ የምገልጸው ተነቃይ ሊቲየም ባትሪ ስላላቸው የ36 እና የ48 ቮልት ብስክሌቶች ነው። ዲስፕሌዩ በርቶ ሞተሩ ብቻ የማይዞር ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው በፍሬን እጀታው ውስጥ ያለው ሞተር የሚያቋርጥ ስዊች ነው።

መሣሪያ ከማንሣትዎ በፊት ባትሪው በማቀፊያው ላይ እስከ መጨረሻው መግባቱንና መቆለፉን ያረጋግጡ። አንዳንድ ባትሪዎች የራሳቸው ማብሪያ አላቸው፤ ለረጅም ጊዜ ሳይሠሩ ከቆዩ ደግሞ ቻርጀር ለአፍታ እስኪሰካባቸው ድረስ ኃይል የማይሰጡም አሉ። የዲስፕሌዩንም ቁልፍ ለጥቂት ሰከንዶች ተጭኖ መያዝ ያስፈልጋል።

ከዚህ በኋላ ባትሪውን አውጥተው፣ ቴስተሩን በዲሲ 200 ቮልት ላይ አድርገው፣ ሁለቱ የቴስተር ጫፎች እርስ በርስ እንዳይነካኩ እየተጠነቀቁ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን ይለኩ። የ36 ቮልት ባትሪ በተለመደው አሠራር 10 ሴሎች በተከታታይ የተያያዙበት ስለሆነ ሲሞላ 42 ቮልት ያሳያል፤ የ48 ቮልቱ ደግሞ 13 ሴሎች ስላሉት ሲሞላ 54.6 ቮልት ይደርሳል፣ ወደ 39 ቮልት ሲወርድም ባዶ ሊሆን ተቃርቧል ማለት ነው።

ንባቡ ዜሮ ወይም ጥቂት ቮልት ብቻ ከሆነ ፊውዙ ተቃጥሏል፣ አለዚያም ሴሎቹን የሚጠብቀው ቢኤምኤስ የሚባለው ሰሌዳ መውጫውን ዘግቷል። ፊውዙ በብዙ ባትሪዎች ላይ በትንሽ ክዳን ሥር ይገኛል፤ ከተቃጠለ በዚያው አምፔር ይተካ እንጂ በሽቦ ቁራጭ አይያያዝ፣ ምክንያቱም ቀጣዩን ሾርት የሚያስቆም ነገር አይኖርምና። ፊውዙ ደኅና ከሆነ ቻርጀሩን ይሞክሩ፦ ባዶ ባትሪ ላይ ተሰክቶም ወዲያው አረንጓዴ ቢያበራ ኃይል እየገባ አይደለም፣ ስለዚህ ቻርጀሩ፣ የቻርጅ መሰኪያው ወይም ቢኤምኤሱ መመርመር አለበት። መብራት ሄድ መጣ በሚልበት ሰፈር ቻርጀሩን ነቅሎ መብራቱ እስኪረጋ መጠበቅ ዕድሜውን ያራዝማል።

እዚህ ላይ አጥብቄ የማሳስበው ነገር አለ። ባትሪ ባዶውን ለወራት ተቀምጦ ሴሎቹ ከ2 ቮልት በታች ከወረዱ፣ ቢኤምኤሱን ዘልሎ በቀጥታ ቻርጅ በማድረግ «ለማስነሣት» መሞከር አይገባም። እንዲህ በወረደ ሴል ውስጥ ያለው መዳብ ሊሟሟና በኋላ ሲሞላ ውስጣዊ ሾርት ሊፈጥር ይችላል፤ ያም እሳት ያስነሣል። ያበጠ፣ ያልተለመደ ሽታ ያለው ወይም ሳይሠራ የሚሞቅ ባትሪም ከቤት ወጥቶ ከሚቀጣጠል ነገር ርቆ ይቀመጥ እንጂ ቻርጀር አይሰካበት።

የባትሪው ቮልት ትክክል ከሆነ ቀጥሎ የሚታየው ማቀፊያው ነው። የጠቆሩ፣ የተጣመሙ ወይም አረንጓዴ ዝገት የያዙ መገናኛዎች ኃይል አያስተላልፉም፤ በተለይ በክረምት ዝናብ ወይም በግፊት ውኃ ከታጠበ በኋላ ይህ የተለመደ ነው። ባትሪው ወጥቶ ሳለ መገናኛዎቹን ማድረቅና ማጽዳት፣ ከዚያም ባትሪውን መልሶ ኮንትሮለሩ (የባትሪውን ኃይል ተቀብሎ ሞተሩን የሚቆጣጠረው ክፍል) በሚገናኝበት በኩል መለካት ይገባል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን፣ ላላ ያለ መገናኛ ኃይል የሚጠቀምበት ነገር ከሌለ ሙሉ ቮልት ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ የቴስተሩ ጫፎች እንደተያዙ ሌላ ሰው ማብሪያውን ይጫን፤ ንባቡ በዚያች ቅጽበት ከወደቀ ጥፋቱ በመገናኛው ወይም በራሱ በባትሪው ውስጥ ነው።

ኮንትሮለሩ ጋ ሙሉ ቮልት ከደረሰና ከጸና ወደ ዲስፕሌዩ ገመድ ይሂዱ። ይህ ገመድ መሪው በዞረ ቁጥር ስለሚተጣጠፍ ላስቲኩ ደኅና መስሎ ሽቦው ውስጥ ለውስጥ ሊበጠስ ይችላል፤ ክብ መሰኪያዎቹም በላያቸው ያለው ቀስት ሳይገጥም በግድ ሲሰኩ ፒናቸው ይጣመማል። በብዙ ባለአምስት ሽቦ ዲስፕሌዮች ቀዩ ሽቦ የባትሪውን ቮልት ያመጣል፤ ማብሪያው ሲጫን ያው ቮልት በሌላ ሽቦ፣ ብዙውን ጊዜ በሰማያዊው፣ ወደ ኮንትሮለሩ ተመልሶ ኮንትሮለሩን ያስነሣዋል። ቀለሙ ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ የዕቃውን ሥዕላዊ መግለጫ ማየት ግድ ነው። ቮልቱ እየደረሰ ማብሪያው ሲጫን የማይመለስ ከሆነ ጥፋቱ የዲስፕሌዩ ወይም የማብሪያው ነው። ተመልሶም ኮንትሮለሩ ለፍጥነት መጨመሪያ እጀታው የሚልከውን 5 ቮልት ገደማ የማይሰጥ ከሆነ፣ እጀታውን ነቅለው እንደገና ይለኩ፤ አሁንም ከሌለ ኮንትሮለሩ መቀየር ሊኖርበት ይችላል። አዲሱ ሲገዛ ቮልቱና አምፔሩ ብቻ ሳይሆን ከነባሩ ዲስፕሌይ ጋር መግባባት መቻሉም ይጣራ፤ አለዚያ መሰኪያው ቢገጥም እንኳ ብስክሌቱ ላይሠራ ይችላል።