ከውሎ ማስታወሻ ወደ ሁለት ስንኝ

ድሬዳዋ ውስጥ 5ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ልጆቹ የውሎ ማስታወሻ ሲጽፉ ጎበዞች ናቸው። ግጥም ስላቸው ግን ደብተሩን ይዘጉና ስለ ሰንደቅና ስለ ተራራ ይጀምራሉ። ሁሉም አንድ ዓይነት!

መፍትሔው ደብተሩን አለመዝጋት ሆነ። አንዲት ልጅ «ትናንት ደቻቱን ስሻገር ጫማ ስላላደረግኩ አሸዋው በጣም አቃጠለኝ» ብላ ጽፋለች። ደቻቱ ከተማችንን የሚያቋርጥ፣ ዝናብ ከሌለ አሸዋ ብቻ የሚሆን ወንዝ ነው። በእጅ የሚነካውን ነገር አስምሪበት አልኳት። ጫማና አሸዋ ላይ አሰመረች። «ትናንት»፣ «ስላላደረግኩ»፣ «በጣም» ተሰረዙ። ከዚያ ምጣኔው መጣ። የቡሄ በሉን ምት፣ አራት አራት ቀለም (በአንድ ጭብጨባ የሚወጣ የድምፅ ክፍል)፣ ከሆያ ሆዬ ጊዜ ጀምሮ ሁሉም ያውቁታል። እያጨበጨብን ሞከርነው፦

ደቻቱ ላይ፣ ጫማ የለኝ፤
ሙቅ አሸዋ፣ አቃጠለኝ።

ፊደል መቁጠር ግን አያዋጣም። «ጫማ የለኝ» አምስት ፊደል ነው፤ ጭብጨባው ግን አራት። መጨረሻ ያለው ሳድስ «ኝ» ከ«ለ» ጋር አብሮ ይመታል። ስለዚህ ጣታቸውን ትተው ጆሮአቸውን እንዲያምኑ አደረግኩ።

ቤት መምታቱ ቀላል ነው። የእኛ ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚውል «ለኝ» ከ«ለኝ» ራሱ ይገጥማል። ይህ ደግሞ ያሰንፋል፤ በ«ነው» ብቻ የሚደፉ ሞልተዋል። እሱን ከልክያለሁ። ሲያጉረመርሙ መስማት ነበረባችሁ!

ቤታቸው ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ የሚናገሩት ማስታወሻቸው ላይ የጻፉትን የቤት ቃል ስንኙ ውስጥ እንዲያስቀሩ ፈቅጃለሁ። ምቱን እስካልሰበረ ድረስ።