የመጀመሪያ ዱዋል ስፖርት ሞተር ሳይክል አመራረጥ፦ ከሲሲው በፊት ኪሎው

ዱዋል ስፖርት የሚባለው ታርጋ፣ መብራትና ስፖኪዮ ኖሮት አስፋልት ላይ በሕጋዊነት የሚነዳ፣ አስፋልቱ ሲያልቅም በኮረኮንቹና በጭቃው የሚቀጥል ሞተር ሳይክል ነው። ለጀማሪ ጥሩ አስተማሪ ነው፤ ቀጭን ነው፣ መሪው ሰፊ ነው፣ ልቅ መሬት ላይ በዝግታ ሲነዳም የፍሪሲዮን አያያዝንና ሚዛን መጠበቅን ከአስፋልት ይልቅ ፈጥኖ ያስለምዳል። ችግሩ አመራረጡ ላይ ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚጠይቀው «ስንት ሲሲ ነው?» ብሎ ነው፤ ሲሲ የኢንጂኑ ሲሊንደር ይዘት መለኪያ ነው። መቅደም ያለበት ግን «ነዳጅ ተሞልቶ ስንት ኪሎ ይመዝናል?» የሚለው ነው።

ኮረኮንች ላይ የሚማር ሰው መውደቁ አይቀርም። የጀማሪ ውድቀት በአብዛኛው በፍጥነት ሳይሆን ሊቆም ሲል፣ ሲዞር ወይም በእግር ጉዞ ፍጥነት ሲሄድ የሚደርስ ነው። 135 ኪሎ የሚመዝነውን ብቻዎን ደጋግመው ማንሳት ይችላሉ። ከ200 ኪሎ የሚያልፈውን ሁለቴ ካነሱ በኋላ ግን ክንድ ይዝላል፤ የዛለ ክንድ ፍሪሲዮኑን በወጉ አይለቅም፤ ሦስተኛው ውድቀት ከዚያ ይመጣል። ስለዚህ ለመጀመሪያው ሞተር ሳይክል ጣሪያውን 145 ኪሎ ግድም ያድርጉት። ኢንጂኑም ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ከ200 ገደማ እስከ 300 ሲሲ ቢሆን ይመረጣል።

ያማሃ ቲደብሊው 200 (196 ሲሲ)፣ ያማሃ ኤክስቲ 250 (249 ሲሲ)፣ ካዋሳኪ ኬኤልኤክስ 230 (233 ሲሲ) እና ሆንዳ ሲአርኤፍ 300ኤል (286 ሲሲ) በዚህ ክልል ውስጥ ይገኛሉ። ቲደብሊው 200 ጎማው ወፍራም፣ መቀመጫው ከመሬት 79 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ቀስ ብሎ ለሚማር ሰው እጅግ ታጋሽ ቢሆንም በፈጣን አውራ ጎዳና ላይ ጉልበቱ ያልቃል። ሲአርኤፍ 300ኤል ስድስት ማርሽና በውሃ የሚቀዘቅዝ ኢንጂን ስላለው አስፋልቱን በምቾት ይሄዳል፤ መቀመጫው ግን 88 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። የመንገድዎ አብዛኛው ክፍል አስፋልት ከሆነ ሲአርኤፍ 300ኤል፣ አብዛኛው ገጠርና ዳገት ከሆነ ቲደብሊው 200 ይሻላል። እንደ ካዋሳኪ ኬኤልአር 650 ያሉት ትልልቆቹ ለረጅም ጉዞ የተሠሩ ናቸው፤ ሚዛን ገና ላልተለማመደ ሰው አይመከሩም።

የኪሎ መለኪያው ግን አንድ ቦታ ላይ ያሳስታል። ከውድድር ሞተር ሳይክል የወጡት ባለ 450ና 500 ሲሲዎች በክብደት ቀላል ናቸው፤ ለጀማሪ ግን ከሁሉም የከፉ ናቸው። ጉልበታቸው ድንገት ይመጣል፤ የሚይዙት ዘይት ትንሽ ስለሆነ የዘይት ቅያሪያቸው በሺህ ኪሎ ሜትር ሳይሆን ኢንጂኑ በሠራበት ሰዓት ይቆጠራል። በየቀኑ ለመመላለስ የሚገዛ ሰው ቅያሪውን ሊዘልቀው አይችልም።

ሌላም ቀድሞ መታየት ያለበት ነገር አለ። የያዙት ወይም ሊያወጡት ያሰቡት መንጃ ፈቃድ የጉልበት ገደብ እንዳለው ያረጋግጡ። ለምሳሌ በአውሮፓ የኤ2 መንጃ ፈቃድ ከ35 ኪሎዋት በላይ አይፈቅድም።

ቁመቱ

ዱዋል ስፖርት ረጅም የሚሆነው በከንቱ አይደለም። አሞርዛተሩ በብዙዎቹ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ እንዲወርድና እንዲወጣ፣ የኢንጂኑም ሆድ ድንጋይ እንዳይነካ ነው። ወረቀት ላይ የተጻፈው የመቀመጫ ቁመት ብቻውን አይበቃም፤ አሞርዛተሩ ለስላሳ ከሆነ ሲቀመጡበት ይሰምጣል፣ መቀመጫው ሰፊ ከሆነ ደግሞ ጭንን ከፍቶ እግርን ያሳጥራል። ስለዚህ የሚነዱበትን ቦቲ አድርገው ይቀመጡበት። ሁለቱም እግር ተረከዙ ድረስ መርገጥ የለበትም። የሁለቱም እግር ጣቶች መሬት ከያዙ፣ ወይም ወገብዎን ወደ አንድ ጎን ገፍተው አንድ እግር ሙሉ በሙሉ ከረገጠ ይበቃል። ይህም ካልሆነ ዝቅ ያለውን ይፈልጉ።

«አሳጥረዋለሁ» ብሎ መግዛት ይቻላል፤ ዋጋው ግን ይታወቅ። የኋላውን አሞርዛተር ማያያዣ ቀይሮ ዝቅ ማድረግ ከሆድ በታች ያለውን ክፍተት ይቀንሳል። የፊቱ አብሮ ካልወረደ ደግሞ መሪው ለመታጠፍ ይዘገያል። የጎን ማቆሚያውም ይረዝምበታል፤ ሲቆም ቀጥ ይልና ትንሽ ነፋስ ይጥለዋል። የመቀመጫውን ስፖንጅ በልኩ ማስቆረጥ ከነዚህ ሁሉ አነስተኛ ጉዳት ያለው ነው፤ ከዚያ ይጀመር።

ያገለገለ ሲገዙ

ያገለገለ መግዛት ለጀማሪ ብልህነት ነው፤ መጋጠቡ ስለማይቀር አዲስ ቀለም ላይ ገንዘብ አይባክንም። ነገር ግን ኢንጂኑን ቀዝቃዛ ሆኖ ያግኙት። ሲደርሱ በእጅ ይንኩት፤ ሞቆ ከቆየዎት ጠዋት የማይነሳ መሆኑን ሊደብቅ ይችላል፣ ሌላ ቀን ይመለሱ። ሲነሳ ጭሱን ይመልከቱ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቷል ወይም ፊልትሮው ታፍኗል። በውሃ የሚቀዘቅዝ ሆኖ ከሞቀ በኋላም ነጭ ጭሱ ካልቆመ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (የኢንጂኑ ራስ ማሸጊያ) ያጠራጥራል። ዘይቱ ወተት የገባበት ሻይ ከመሰለ ውሃ ተቀላቅሎታል፤ አይግዙት።

ከሁሉ በላይ ጊዜ የሚገባው የአየር ፊልትሮው ነው፤ አብዛኛው ገዢ የሚዘለውም እርሱኑ ነው። የጎን ክዳኑን ወይም መቀመጫውን ያስከፍቱና ፊልትሮውን ያውጡ። ከፊልትሮው ኋላ፣ አየሩ ወደ ኢንጂኑ የሚገባበትን ቱቦ ውስጡን በነጭ ጨርቅ ይጥረጉ። ጨርቁ ንጹህ ሆኖ ወይም ጥቂት ዘይት ይዞ ከወጣ መልካም ነው። ደቃቅ አፈር ይዞ ከወጣ ግን ኢንጂኑ አቧራ ሲተነፍስ ቆይቷል፤ አቧራው እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሲሊንደሩንና የፒስተኑን ፋሻ ይበላል። ሰማያዊው ጭስ ገና ባይመጣም መንገድ ላይ ነው። ስፖንጅ ፊልትሮ ሳይታጠብና የፊልትሮ ዘይት ሳይቀባ አቧራ አይዝም፤ ደርቆ ያገኙት ፊልትሮ ስለ ባለቤቱ አያያዝ ብዙ ይናገራል።

ቀጥሎ የፊት ጎማውን ከመሬት አንስተው መሪውን በቀስታ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያዙሩ። መሃል ላይ ቆም የሚል ነገር ካለ የመሪው ኩሽኔታ ተበልቷል። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ይወዝውዙ፤ የኋላውንም ወደ ጎን፤ መነቃነቅ አይኖርበትም። የቸርኬውን ሽቦዎች አንድ በአንድ በካቻቢቴ እጀታ ሲነኳቸው የሚጮሁት ደህና ናቸው፤ ድፍን ድምፅ የሰጠው ላልቷል። ካቴናውን ከኋላ ጥርሱ ላይ ወደ ኋላ ይሳቡ፤ ተነስቶ የጥርሱን ግማሽ ካሳየ፣ ጥርሶቹም ወደ አንድ ጎን የተቆለመሙ ከሆነ ካቴናውና ጥርሶቹ አብረው ይቀየራሉ፤ ያንን ከዋጋው ላይ ያስቀንሱ። የፊት አሞርዛተሩ ላይ የዘይት ቀለበት ካለ ጎሚኒው አልቋል፤ ይህ ርካሽ ጥገና ነው፣ ግን ዘይቱ የፍሬን ሸራው ላይ ደርሶ እንደሆነ ይዩ። በመጨረሻ የሻንሲውን ቁጥር ከወረቀቱ ጋር ያመሳክሩ።

ካርቡሬተር ያለው በቀላል መሣሪያ ይጠገናል፤ ለሳምንታት ሳይነዳ ከቆመ ግን ነዳጁ ጠባቧን ቀዳዳ ይደፍናል። ነዳጁን በኤሌክትሮኒክስ የሚረጨው ከፍታ ሲለዋወጥ ራሱን ያስተካክላል፣ ባትሪው ከደከመ ግን አይነሳም።

ከገዙ በኋላ

መጀመሪያ የሚገዛው ጌጥ አይደለም። የእጅ መከላከያና የኢንጂኑ ሆድ ላይ የሚታሰር ላሜራ ይቅደሙ፤ ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን ጠንካራ ቦቲም ከሄልሜቱ እኩል ይቆጠር፤ የወደቀው ሞተር ሳይክል ብዙ ጊዜ የሚያርፈው እግር ላይ ነውና። የፍሬንና የፍሪሲዮን እጀታዎቹን ማሰሪያ ቡሎን ጨክነው አያጥብቁት፤ በእጅ ጠንከር ብለው ሲገፉት እንዲዞር ይተዉት። ያን ጊዜ ሲወድቅ እጀታው ዞሮ ይተርፋል እንጂ አይሰበርም።

የጎማ አየር በመመሪያው የተጻፈው ለአስፋልት ነው። ኮረኮንች ላይ ወደ 18 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ሲወርድ ጎማው መሬቱን ይይዛል። ከ15 በታች ካወረዱት ግን ካላማዳሪው በድንጋይና በቸርኬው መካከል ይቆነጠጥና ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያወጣል። አስፋልት ላይ ሲመለሱ መልሰው ይንፉት፤ ትንሽ ፓምፕ ከቦርሳ አይለይ።

መንገድ ከመውጣትዎ በፊት ማንሳቱን ሣር ላይ ይለማመዱ። ኢንጂኑን አጥፍተው በቀኝ ጎኑ ያስተኙት፤ ማርሽ ውስጥ ያስገቡት፣ እንዳይንሸራተት ነው። በግራ በኩል ያለውን የጎን ማቆሚያ አስቀድመው ይክፈቱት። መሪውን እስከ ጫፉ አዙረው አንድ እጅ መሪው ላይ፣ ሌላው ከመቀመጫው በታች ያለው ሻንሲ ላይ ያድርጉ፤ መቀመጫውን በጀርባዎ ታችኛ ክፍል ደግፈው ወገብ ሳይጎብጥ በትንንሽ እርምጃ በእግር ኃይል ወደ ኋላ ይግፉ። ማቆሚያውን አስቀድሞ ያልከፈተ ሰው ሞተሩን ቀና ካደረገ በኋላ በዚያኛው ጎን ይጥለዋል።