ፓይተን ስትጀምሩ በሊስትና በዲክሽነሪ የምትሳሳቷቸው ነገሮች

«ሊስቱን ኮፒ አድርጌው ነበር እኮ፣ ዋናው ለምን ተቀየረ?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ኮዱን ሳላየው ችግሩን አውቀዋለሁ። ኤ የሚባል ሊስት (በተራ የተደረደሩ ነገሮች የሚይዝ) ኖሯችሁ ቢ = ኤ ስትሉ እኮ ሁለተኛ ሊስት አልተፈጠረም፣ ለዛው ለአንዱ ሊስት ሌላ ስም ነው ያወጣችሁለት፣ ስለዚህ በቢ በኩል አፔንድ ያደረጋችሁት (መጨረሻው ላይ የጨመራችሁት) በኤም ይታያል። ዲክሽነሪም (ኪይ የሚባል መጠሪያና ቫልዩ የሚባል ዋጋ ጥንድ ጥንድ አድርጎ የሚይዘው) እንደዛው ነው። ኮፒ ሜተዱን ጥሩት። ሊስቱ ውስጥ ሌላ ሊስት ካለ ግን ኮፒ የሚገለብጠው የላይኛውን ብቻ ነው፣ ውስጠኞቹ አሁንም የጋራ ናቸው፣ እዛ ላይ ውስጡን ጭምር የሚገለብጠው ዲፕኮፒ ያስፈልጋል። 3 በ3 ሰንጠረዥ ለመስራት የዜሮ ሊስት ወስደው፣ እሱን ሌላ ሊስት ውስጥ ከተው በ3 የሚያባዙትም ችግራቸው ይሄው ነው፦ ያው አንዱ ረድፍ ነው 3 ጊዜ የተደገመው፣ አንድ ቦታ ሲነካ ዓምዱ በሙሉ ይቀየራል። ፈንክሽን ላይ ባዶ ሊስት ዲፎልት (ጠሪው ምንም ካልሰጠ የሚወሰድ ዋጋ) ማድረግም እዚሁ ይገባል፤ ሊስቱ አንዴ ብቻ ስለሚፈጠር ያለፈው ጥሪ የጨመረው ለቀጣዩ ይተርፋል። ዲፎልቱን «ነን» (ምንም የለም ማለት ነው) አድርጉና ሊስቱን ውስጥ ፍጠሩት።

በጣም የሚያናድደኝ ግን ሊስት ላይ ሉፕ እያደረጉ ከዛው ሊስት ማጥፋት ነው። 1፣ 2፣ 2፣ 3 ካለው ሊስት 2ን በሪሙቭ አጥፉ፣ አንዱ 2 ይቀራል፤ ምክንያቱም አንዱ ሲወጣ የቀሩት ወደፊት ይጠጋሉ፣ ሉፑ ደግሞ ወደ ቀጣዩ ቁጥር ስለሚያልፍ የተጠጋውን አያየውም። ኤረር የለም፣ ዝም ብሎ የተሳሳተ መልስ ነው። አንድ ልጅ የዕቁብ ስክሪፕት ሰርቶ፣ የከፈሉትን እያወጣ ያልከፈሉትን ሊያሳይ፣ ተከታትለው ከተመዘገቡ ሁለት ከፋዮች ሁለተኛው ባለዕዳ ሆኖ ወጣ። ሰው ሳይጣላበት ደረስንበት እንጂ! ያልከፈሉትን ብቻ ለይታችሁ አዲስ ሊስት ስሩ፣ በቃ።

ራሱን ሊስቱን በቅደም ተከተል የሚያስተካክለው ሶርት የሚመልሰው «ነን» ነው፣ ውጤቱን ቫሪያብል ውስጥ አታስገቡት። ዲክሽነሪን የሌለ ኪይ ስትጠይቁ ኪይኤረር ይመጣል፣ ኤረር ሳያመጣ «ነን» የሚመልሰውን ጌት ተጠቀሙ።

አማርኛ ቃል በዲክሽነሪ ለምትቆጥሩ ደግሞ፦ «ሰላም» እና «ሠላም» ለፓይተን ሁለት የተለያዩ ኪዮች ናቸው፣ ሀና ሐ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንደዛው፤ ጽሑፉን ወደ ቃላት የሚከፍለው ስፕሊት የሚቆርጠው ክፍት ቦታ ላይ ብቻ ስለሆነ አራት ነጥብ የተለጠፈበት «ሰላም።» ሦስተኛ ኪይ ይሆናል። ነጥቡን አንሱ፣ ፊደሎቹን ወደ አንድ አምጡ፣ ከዛ ቁጠሩ። የሰው ስም ከሆነ ግን የተስተካከለውን ኪይ አድርጉና ባለቤቱ የጻፈውን ቫልዩ ላይ አስቀምጡት፣ ስሙ መታየት ያለበት ራሱ በጻፈበት ፊደል ነው።