የመግነጢሳዊ ቁሶች ቅርፅ ለውጥና እንቅስቃሴ ስሌት ሲሳሳት፦ ችግርና መፍትሔ

ይህ መመሪያ በደብረ ብርሃን ለሚገኙ የፊዚክስና የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪዎች የተዘጋጀ ሲሆን፣ በመግነጢስ ኃይል ቅርፃቸው የሚለወጥ ቁሶችን በሒሳብ ሞዴል ሲያሰሉ ውጤቱ ከእውነታው ቢርቅ ወዴት ማየት እንደሚገባ ያመለክታል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በሶፍትዌሩ ሳይሆን በእኩልታው ስለሆነ፣ ኮዱን ከመነካካት በፊት እኩልታውን በወረቀት ላይ እንደገና መጻፍ ይቀድማል።

ችግር፦ ብረቱ በመግነጢሳዊ መስኩ ድግግሞሽ ልክ ይንቀጠቀጣል

የአገራችን የኤሌክትሪክ መስመር ድግግሞሽ 50 ኸርዝ ነው፤ በትራንስፎርመር ውስጥ ያለው መስክም በዚሁ ልክ ይለዋወጣል። ሆኖም በከተማው ዳር ካሉት ፋብሪካዎች የአንዱን ትራንስፎርመር ጉርምርምታ በስልኩ ቀድቶ የመረመረ ሰው ጎልቶ የሚያገኘው 100 ኸርዝንና ብዜቶቹን ነው። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ጄምስ ጁል እ.ኤ.አ. በ1842 እንዳሳየው ብረት በመስክ ውስጥ ሲገባ ርዝመቱ በጥቂቱ ይለወጣል፤ መስኩ አቅጣጫውን ቢገለብጥም ለውጡ ያው ስለሆነ በአንድ ዑደት ሁለት ጊዜ ይከሰታል። ሞዴልዎ 50 ኸርዝ ከሰጠ፣ የርዝመት ለውጡን ከመግነጢሳዊነቱ (ቁሱ ምን ያህልና በየት አቅጣጫ ማግኔት እንደሆነ ከሚገልጸው ቬክተር) ስኩዌር ጋር ሳይሆን በቀጥታ ከራሱ ጋር አስረውታል ማለት ነው፤ ግንኙነቱን በስኩዌር ይተኩ። በስሌቱ ውስጥ ቋሚ መስክ ከተጨመረ ግን 50 ኸርዝ መታየቱ ትክክል ስለሆነ አስቀድመው ይህንን ያጣሩ።

ችግር፦ የጎማው ቁራጭ ሲዞር ያለምክንያት ያጥራል

ይህን ከሁሉም አብልጬ አሳስባለሁ፤ ምክንያቱም ውጤቱ ሲታይ እውነት ይመስላል። የማግኔት ዱቄት የተቀላቀለበት ቀጭን ጎማ በመስክ ውስጥ ብዙ ስለሚዞር፣ ለትንሽ ለውጥ ብቻ የተዘጋጀው የስትሬይን (የአንጻራዊ ቅርፅ ለውጥ) ቀመር አይበቃውም። አንድ አካል ቅርፁ ሳይለወጥ በ10 ዲግሪ ቢዞር ይህ ቀመር የማዕዘኑን ኮሳይን ከ1 ጋር ስለሚያነጻጽር 1.5 በመቶ የሚሆን የሐሰት መጨማተር ያሳያል፤ የብረት እውነተኛ የርዝመት ለውጥ ደግሞ ከመቶ ሺህ ጥቂት እጅ ብቻ ነው። መፍትሔው መዞርን የማይቆጥረውን የግሪን-ላግራንዥን ስትሬይን መጠቀም ነው። በተጨማሪም የመለጠጥ ሕጉ የሚጻፈው በመነሻው ቅርፅ፣ መስኩ የሚሰላው ደግሞ በአሁኑ ቅርፅ ላይ ስለሆነ፣ በጎማው ውስጥ የታሰረው መግነጢሳዊነት ከአካሉ ጋር አብሮ እንዲዞር በቅርፅ ለውጡ ግሬዲየንት (የአካሉ እያንዳንዱ ትንሽ ክፍል እንዴት እንደዞረና እንደተለጠጠ በሚገልጸው ማትሪክስ) ያባዙት። ይህ ከተዘነጋ ቁራጩ ከመስኩ ጋር ከተሰለፈ በኋላም መዞሩን አያቆምም።

ችግር፦ ወጥ በሆነ መስክ ውስጥ ቁራጩ ወደ ጎን ይሄዳል

ወጥ መስክ ያዞራል እንጂ አይጎትትም፤ የሚጎትተው ከቦታ ቦታ የሚለያይ መስክ ነው። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ በቁሱ ዙሪያ የተሰጠው የአየር ክልል ጠባብ ሆኖ ጠርዙ መስኩን ማዛባቱ ነው። ውጤቱ መለወጡን እስኪያቆም ድረስ ክልሉን ያስፉ።

ችግር፦ የመግነጢሳዊነቱ መጠን በየእርምጃው ያድጋል

መግነጢሳዊነት በጊዜ ሂደት አቅጣጫውን እንዴት እንደሚለውጥ የሚገልጸው የላንዳው-ሊፍሺትዝ-ጊልበርት እኩልታ መጠኑን አይለውጥም፤ ቀላሉ የኦይለር ዘዴ ግን በቬክተሩ ላይ ቀጥ ያለ ጭማሪ ስለሚያክል በፓይታጎረስ ሕግ መሠረት ያረዝመዋል። በየእርምጃው ርዝመቱን ማስተካከል ይቻላል፤ ይህ ግን የኢነርጂ ስሕተቱን ስለሚሸፍን መጠኑን በራሱ የሚጠብቀውን የመካከለኛ ነጥብ ዘዴ (ለውጡን በእርምጃው መካከል ላይ የሚያሰላውን) እመርጣለሁ።