ስቴኪኒውን አትድፉብኝ፦ ብዛትን በዓይን መገመት እንዴት ይለመዳል

ኦቲዝም እንዳለብኝ ለሥራ ባልደረባዬ የነገርኩት ቀን፣ ምንም ሳይል ተነሥቶ አንድ ቆርቆሮ ብሎን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠ። «ስንት ነው?» አለኝ። ዓይኑ ያበራል። «አላውቅም» አልኩት። እንደዚያ የተከፋ ሰው አይቼ አላውቅም።

የምሠራው የመለዋወጫ መጋዘን ውስጥ ነው። ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ። ቀኔን የማሳልፈው ከቁጥር ጋር ነው። ግን አንድ በአንድ ነበር የምቆጥረው። ሌላው ሰው እፍኙን ዘርግቶ «ሠላሳ ይሆናል» ብሎ ሲያልፍ፣ እኔ ሠላሳውንም በጣቴ እየነካሁ እቀራለሁ። በዓይን መገመትን የተማርኩት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው፤ ለዚያውም አለቃዬ በቆጠራ ሰሞን ሲነጫነጭብኝ። ከባዶ ስለጀመርኩ መንገዱን አልረሳሁትም። በተፈጥሮው የሚችል ሰው እንዴት እንደሚያደርገው ብትጠይቁት «በቃ ይታየኛል» ነው የሚላችሁ።

ባልደረባዬ ላይ አልፈርድም። እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣው «ሬይን ማን» ፊልም ላይ ኦቲዝም ያለበት ሰው መሬት ላይ የፈሰሰ ስቴኪኒ ዓይኑን ጣል አድርጎበት 246 ነው ይላል። ፓኮው 250 የሚይዝ ነው፤ አራቱ ውስጥ ቀርተዋል። ከዚያ ወዲህ ስንቶቻችን ላይ ስቴኪኒ እንደተደፋብን እንጃ። ለገጸ ባሕርዩ መነሻ የሆነው ኪም ፒክ ደግሞ የአንጎሉን ግራና ቀኝ የሚያገናኘው ድልድይ ሳይኖረው የተወለደ፣ ከእኔ ጋር ብዙም የማይገናኝ ሰው ነበር። እንዲህ ያለ የተለየ ችሎታ ያላቸው ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች አሉ። አብዛኞቻችን ግን የለንም።

ከፊልሙ የምወደው አንድ ነገር አለ። ሰውየው 246 ከማለቱ በፊት «82፣ 82፣ 82» ይላል። ሐኪሙ ኦሊቨር ሳክስ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ መንትዮች ሲያወራም ክብሪቱ ሲበተን ሁለቱም 111 ብለው፣ ቀጥለው «37» እያሉ ሦስት ጊዜ ደገሙ ይላል። ታሪኩን የሚጠራጠሩ አሉ፤ እኔም አልምልበትም። ግን አስተውሉ፦ ሁለቱም ላይ ክምሩ ሦስት ቦታ ተከፍሏል። የምነግራችሁ ዘዴ ከዚያ ብዙም አይርቅም።

እስከ አራት ያለው በነፃ ነው

እ.ኤ.አ. በ1871 ዊልያም ስታንሊ ጄቮንስ የተባለ እንግሊዛዊ የኢኮኖሚ ምሁር በራሱ ላይ ሙከራ አደረገ። አንድ ክብ የወረቀት ሣጥን ጥቁር ትሪ መሐል አስቀመጠ። ጥቁር ባቄላ ይበትናል፤ ሣጥኑ ውስጥ ስንት እንደገባ ገና ዓይኑ እንዳረፈ ይገምታል፤ ከዚያ ይቆጥራል። 1,027 ጊዜ። (ይህን ሰውዬ በጣም ነው የምወደው።) ሦስት ወይም አራት ሲሆን አንድም ጊዜ አልተሳሳተም። አምስት ላይ ስህተት ብቅ አለ፤ ቁጥሩ ባደገ ቁጥርም ስህተቱ አብሮ አደገ።

እናንተም በዚሁ ጀምሩ። የሸሚዝ ቁልፍ ወይም ሳንቲም አንሡ። ሳታዩ ጥቂት ዘግናችሁ ጠረጴዛ ላይ ጣሉና ወዲያው በጨርቅ ሸፍኑት። ቁጥሩን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። ከዚያ ግለጡና ቁጠሩ። ሃያ ጊዜ ያህል ብትደጋግሙት ዓይናችሁ ሳይቆጥር የሚያውቀው እስከ ስንት እንደሆነ ይገባችኋል። ለአብዛኛው ሰው ሦስት ወይም አራት ነው። ይህን ወሰን ለመግፋት አትድከሙ። ሥራው ያለው ትልቁን ብዛት ወደዚህ ወሰን ማውረድ ላይ ነው።

ስድስት ሳንቲም ሲታያችሁ «ስድስት» ለማለት አትሞክሩ። «ሦስትና ሦስት» በሉ። ሰባት ከሆነ «አራትና ሦስት»። መጀመሪያ ላይ በጣታችሁ ክፍፍሉን አሳዩ፤ ቆይቶ ጣቱ አያስፈልግም። ይህ ለብዙ ሰው በራሱ የሚመጣ ነገር ነው። ለእኔ አልመጣም። ዳይስ ላይ ያለውን አምስት እንኳ እስከ አሥራ አንድ ዓመቴ ድረስ ነጥብ በነጥብ ነበር የምቆጥረው። ነጥቦቹ ይታዩኛል፤ ቅርጹ አይታየኝም።

ይህ የእኔ ብቻ እንዳልሆነ ያወቅሁት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ጃሮልድና ረስል የተባሉ ተመራማሪዎች ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ነጥብ እያሳዩ አስቆጠሯቸው። ነጥቦቹ አንዳንዴ እንደ ዳይስ ተደርድረዋል፣ አንዳንዴ ተበትነዋል። ሌሎቹ ልጆች ድርድሩን ሲያዩ ይፈጥናሉ። ኦቲዝም ካለባቸው መካከል ግን ብዙዎቹ ከድርድሩ እንደዚያ አልተጠቀሙም፤ አንድ በአንድ የሚቆጥሩ ነው የሚመስሉት። ከጥቅሉ ይልቅ ዝርዝሩን የሚያስቀድም ዓይን ነው እንግዲህ። ሳነበው «ተያዝኩ» አልኩ።

ስለዚህ እንደኔ ከሆናችሁ ቅርጹን እንደ ፊደል አጥኑት። ከሁለት እስከ አሥር ያሉ ነጥቦችን በተለያየ አደራደር ካርድ ላይ ሣሉ። በቀን አምስት ደቂቃ ይበቃል። እኔ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል፤ አሁን አምስትን ሳይ ወዲያው «ሁለትና ሦስት» ሆኖ ይመጣል።

«ገደማ» የሚባለው ቃል

እውነቱን ለመናገር ትልቁ ችግሬ ዓይኔ አልነበረም። አፌ ነበር። «ወደ መቶ ገደማ» ማለት ለእኔ ውሸት ነው። 97 ከሆነስ? 104 ከሆነስ? ቁጥሩን ሳላውቀው ለምን እናገራለሁ? አለቃዬ «ገምት እንጂ!» ሲለኝ አንደበቴ ይታሰራል። እሱ ስንፍና ይመስለው ነበር።

ከዚህ ያላቀቀኝ ነገር ይኸው ነው፦ አንድ ቁጥር መናገር ተውኩ። ሁለት እናገራለሁ። «ከ80 አያንስም፣ ከ120 አይበልጥም።» ይህ ግምት ሆኖም እውነት ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ታችኛውን ፈልጉ፤ በማናቸውም መንገድ ከዚህ አያንስም የምትሉትን። ከዚያ ላይኛውን። አንድ ቁጥር ብቻ የግድ ከተባላችሁ መካከላቸውን ስጡ። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ወይም ተማሪ ኖሯችሁ «አልገምትም» ካለ፣ ከሁሉ በፊት ይህን ሞክሩ። ምናልባት አለመቻል አይደለም፤ ስህተት እንዲናገር የተጠየቀ መስሎት ነው።

ወሰኑ በትልቅ ብዛት ላይ ሰፋ ቢል አትደንግጡ፤ የዓይን ተፈጥሮ ነው። ዓይን የሚለየው በስንት እንደሚበላለጡ ሳይሆን ስንት እጥፍ እንደሆኑ ነው። የስድስት ወር ሕፃናት እንኳ 8 ነጥብን ከ16 ይለያሉ፤ 8ን ከ12 ግን አይለዩም። 10ን ከ15 የሚለይ ዓይን 100ን ከ105 አይለይም። ለ100 ብሎን በሃያ መሳት ጥሩ ነው፤ ለ10 ብሎን ግን ያሳፍራል።

ክምሩ ሲበዛ

መለኪያ የሚሆን ናሙና ይኑራችሁ። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ በትክክል 50 ዳዶ ያለበት ብርጭቆ አለኝ። ከመገመቴ በፊት አየዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የኢዛርና የዴኻን ሙከራ ላይ ሰዎች አንድ የነጥብ ሥዕል አይተው «ይህ 30 ነው» ተባሉ። ከዚያ በኋላ ግምታቸው በሙሉ ያንን ተከትሎ ሄደ፤ ሥዕሉ በትክክል 30 ባይሆንም እንኳ። ስለዚህ ናሙናችሁን ሁለት ጊዜ ቁጠሩት። ናሙናው ከዋሸ እናንተም ትዋሻላችሁ።

ቀጥሎ ክምሩን ዘርጉት። ተደራርቦ የተቀመጠ ነገር ዓይንን ያታልላል፤ የታችኛው ረድፍ አይታይም። መዘርጋት ካልተቻለ ከላይ የሚታየውን ገምታችሁ ስንት ድርብ እንዳለ ከጎን ተመልከቱ። የተዘረጋውን በሐሳባችሁ አራት ቦታ ክፈሉ። አንዱን ሩብ እንደገና አራት ቦታ። አሁን የቀረው ቁራጭ ትንሽ ነው፤ ሦስትና አራት እያላችሁ ቁጠሩት፣ በ16 አባዙት። የትኛውን ቁራጭ ትቆጥራላችሁ? ዓይን ሁልጊዜ ጥቅጥቅ ወዳለው ይሮጣል። እሱን ተዉት። ሳሳ ያለውንም ተዉት። መካከለኛ የሚመስለውን ያዙ፤ ጊዜ ካለ ሁለት ቁራጭ ቁጠሩና አማካዩን ውሰዱ።

ደብተር ያዙ። ግምት፣ ትክክለኛው ቁጥር፣ ቀን። ሌላ አያስፈልግም። በእኔ ደብተር የመጀመሪያው ወር እያንዳንዱ ትልቅ ክምር ከእውነቱ በታች ነው የተገመተው። 200ውን 140 ብያለሁ። ሰው ብዙ ነገር ሲያይ አሳንሶ መገመቱ የታወቀ ነው። የእናንተም እንዲህ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ ጥሩ ዜና ነው፤ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን የሚሄድ ስህተት በቀላሉ ይታረማል። ትንሽ ከፍ አድርጉት።

አቋራጭ ለሚፈልግ፦ እ.ኤ.አ. በ2006 አለን ስናይደርና ባልደረቦቹ የ12 ሰዎችን ጭንቅላት በግራ በኩል በማግኔት ምት ከነኩ በኋላ ከ50 እስከ 150 ነጥብ አስገመቷቸው። ከ12ቱ 10ሩ ተሻሻሉ ተባለ። 12 ሰው ግን ጥቂት ነው። እኔ ደብተሬን እመርጣለሁ።

ልጅ ለምታስተምሩ ደግሞ ትንሽ ልጨምር። ሰዓት አትያዙበት። እንግዳ ፊት አትፈትኑት። ልጁ መኪና የሚወድ ከሆነ በመኪናዎቹ ገምቱ። ሲሳሳት «ተሳስተሃል» ከማለት «በስንት ራቅን?» ብላችሁ አብራችሁ ቁጠሩ፤ እናንተም ግምታችሁን ከሱ አጠገብ ጻፉ። አንድ በአንድ መቁጠር ከፈለገ ደግሞ ይቁጠር። መጋዘናችን ውስጥ የቆጠራ ጉድለት ሲገኝ የሚጠሩት አሁንም እኔን ነው።

ባልደረባዬ ባለፈው ሳምንት ያንኑ ቆርቆሮ መልሶ ገለበጠው። አራት ቦታ ከፈልኩ፣ አንዱን ሩብ እንደገና አራት ቦታ፣ ቁራጩን ቆጠርኩ። «ከ180 አያንስም፣ ከ220 አይበልጥም» አልኩት። ተቀምጠን አንድ በአንድ ቆጠርን። 231። በሳቅ ሞተ። እኔ ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩ፦ አሁንም ከታች።